በጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ የዘለለው ብዕር

በዚያ ጠዋት በጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። የዶክትሬት ተማሪው መስፍን፣ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ጋሽ ከድር፣ የወንዝ መለኪያው ጥበቃ ጋሽ ላሊሞ፣ ስሙን እስከ ዛሬ ያላወቅሁት ሻምበልና አራት ወታደሮቹ፣ ከዲላ ቡና ጭኖ የመጣ የካሚዮን ሹፌር ከነረዳቱ፣ እና እኔ። በድምሩ አሥራ አንድ ሰው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ የጎረቤቴ ልጅ መክሊት ናት። እሷም የዶክትሬት ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ልትሰናበተኝ መጣች፤ ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አንድ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ሊመድባት ነው። ኢንተርንሺፕ ይሉታል።

«አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ! መመረቂያዬን መጻፍ ሲገባኝ ቧንቧ ስቆጥር ልክረም?»

«ሥራውን ታዪዋለሽ» አልኳት።

«ምኑ ይታያል? ውሃ ይገባል፣ ውሃ ይወጣል።»

ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ከሄደች በኋላ ግን መዳፌን ባየው ላብ አውጥቷል። ይኼን ያህል ዘመን አልፎ!

ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የመለኪያውን ሥራ የተማርኩት ከግምጃ ቤት ካገኘሁት፣ አይጥ ጫፉን ከበላው የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው። ብዙ አላወራም፤ ቁጥር ግን እወድ ነበር። ሐይቁ በየዓመቱ ከፍ እያለ የዳሩን እርሻ ይውጥ ስለነበር፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ፣ ጥቁር ውሃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይለካ ነበር። የምለካው እኔ ነኝ። ከዚያ ሌላ ከድልድዩ ጋር የተያያዘ አንድ መሣሪያ ነበረን፤ በቧንቧ ውስጥ የሚንሳፈፍ ኳስ፣ ከላይ ደግሞ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ። ከበሮው እንደ ሰዓት ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል ብዕሩ በወረቀቱ ላይ መስመር ያሰምራል።

መስፍን የመጣው በጥቅምት ነው። ውጭ አገር የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለዘጠኝ ወር የተግባር ልምምድ ወደ አገሩ ልኮት ነበር፤ ወደፊት ማስተማር ይሻለው እንደሆነ ወይስ መስክ መሥራት፣ እዚያው ሥራው ላይ ሆኖ እንዲለይ። በየወሩ አሰልጣኙ አስተያየት የሚጽፍበት ቅጽ ይዟል። አለቃችን ቅጹን አገላብጦ አየና ወደ እኔ ገፋው። «ከዚህ ልጅ በላይ ወንዙን የሚያውቅ የለም» አለ። እንግዲህ እኔ፣ የስምንተኛ ክፍሉ፣ የዶክትሬት ተማሪ አሰልጣኝ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጥሩ አድርጎ በተወለወለ ጫማ መጥቶ ጨፌው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ጋሽ ላሊሞ ከት ብለው ሳቁ። «ዶክተር፣ አንተ ወንዙን ሳትለካ ወንዙ ጫማህን ለካ!» መስፍን አልተቆጣም። ጫማውን አውልቆ ውሃውን ደፋና፣ «ጌታዬ አሰልጣኝ፣ ይህን በቅጹ ላይ ይጻፉልኝ» አለኝ። እኔ እርስዎ እያልኩት ነበር፤ በሳምንቱ «አንቱታውን ተወው፣ ታስረጀኛለህ» ብሎ አስተወኝ። ምሳችንን ድልድዩ ሥር እንበላ ነበር፤ እኛ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የገዛነውን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጋሽ ላሊሞ ደግሞ ቆጮ በጎመን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች እሾኽ እስክንጥልላቸው ድረስ እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በወረቀቱ ላይ ከሚታዩት ስለታም ጥርሶች ነው። መስመሩ ረግቶ ይሄድና ድንገት ብዕሩ ወደ ላይ ይዘላል። መስፍን ከጨፌው የሚመጣ የውሃ ግፊት ነው ብሎ ሁለት ወር ደከመበት። በመጨረሻ ነገርኩት፤ «ውሃ አይደለም። ከባድ መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩም አብሮ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

ሳቀና፣ «በል እናረጋግጠው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገቡ የማስታወሻ ዓምድ ላይ እያንዳንዱን ከባድ መኪና ከነደቂቃው መጻፍ ጀመርኩ። እሱ የጠየቀኝ ሰዓቱን ብቻ ነበር። እኔ ግን ጎደሎ ነገር አልወድም። የተጫነ ከባዶው ይልቅ ብዕሩን ስለሚያዘልል ጭነቱን ጻፍኩ፤ ከሻሸመኔ በኩል የሚመጣ ከአዋሳ በኩል ከሚመጣው ስለሚለይ አቅጣጫውን ጻፍኩ። በዚያ ሰሞን በዚያ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና አብዛኛው የማን እንደነበር አንባቢ ይገምታል። ሸራ የለበሱ ካሚዮኖች ከደቡብ የተመለመሉ ልጆችን ጭነው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ይሄዱ ነበር። ሁሉንም ጻፍኳቸው። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጥርስ ጋር አንድም ሳይዛነፍ ሲገጥም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

የልምምዱ መጨረሻ ወር፣ ሰኔ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ላይ እንፋሎት ይነሣል። እኔና መስፍን ከጋሽ ከድር ጋር በላንድሮቨሩ ድልድዩ ስንደርስ ኬላ ተዘርግቷል፤ የቡናው ካሚዮን ከፊታችን ዳር ይዞ ቆሟል። ወታደሮቹ አስወርደው ፈተሹን። መዝገቡ በመስፍን ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ሻምበሉ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ቁጥሮቹን አለፋቸውና የማስታወሻ ዓምዱ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ማንበብ ጀመረ።

«‹ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር። የወታደር ካሚዮን አሥራ አራት። ሰው የጫነ። ወደ ሻሸመኔ።›» ገጽ ገለጠ። «‹ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት ከሁለት። ዘጠኝ። ሰው የጫነ።›» ቀና አለ። «ይህን የጻፈው ማነው?»

 ወንዙ ሲሄድ ይሰማኛል፤ የራሴ ትንፋሽ ግን አይሰማኝም።

«የእኔ ነው» አለ መስፍን። «የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ልምምድ ላይ ነኝ።»

«የት ነው የምትማረው?»

«ውጭ አገር።»

ሻምበሉ ሌላ አልጠየቀም። ሁለት ወታደሮች የመስፍንን እጅ በራሱ ቀበቶ የኋሊት አሰሩና ከመንገዱ ዳር ካለው ሾላ ሥር አስቀመጡት። ሬዲዮ ያለው መኪና እስኪመጣ ነበር የሚጠብቁት። መኪናው ከመጣ ወዴት እንደሚወስደው፣ የተወሰደውም እንደማይመለስ፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጋሽ ላሊሞ አጠገቤ መጡ። «ልጄ፣ ጽሕፈቱ የማን ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«የእኔ።»

ወደ ሾላው አሻግረው አዩ።   ዝም ብል እሱ ይሞታል፤ ብናገር እኔ፣ ምናልባትም ሁለታችን። ያን ጊዜ ዓይኔ የቆርቆሮው ሣጥን ላይ አረፈ።

ወደ ሻምበሉ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ስለ መሣሪያው ያልኩትን ግን አስታውሳለሁ። «ጓድ ሻምበል፣ መኪናው የተጻፈው ለዚህ መሣሪያ ነው። መኪና ሲያልፍ ይሳሳታል። አንድ መኪና ያሳልፉና ይዩት።»

ሣጥኑን ከፈትኩ። ቁልፉ ሦስት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ብዕሩን እያየ፣ ጋሽ ከድር ላንድሮቨሩን እንዲያሳልፉ በእጁ አዘዘ። ላንድሮቨሩ አለፈ። ብዕሩ ንቅንቅ አላለም።

«እሺ?» አለ ሻምበሉ።

«ቀ... ቀላል ነው። የተጫነ ይሁን።»

ፊቴን አየኝ። ከዚያ የቡናውን ሹፌር ጠራው። ካሚዮኑ እያጓራ ወደ ድልድዩ ወጣ፤ የድልድዩ ሳንቃዎች ከእግራችን ሥር ተርገፈገፉ፤ ብዕሩ ሽቅብ ዘልሎ በወረቀቱ ላይ ጥቁር ጥርስ ሣለ። ዳንን ብዬ ልተነፍስ ስል ሻምበሉ ቀና አለ።

«ታዲያ ይህ ማሽን የእኛን ካሚዮን ሁሉ ይቆጥራል ማለት ነዋ!»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያቀረብኩት ማስረጃ የባሰ ጉድጓድ ሆነ። «አይቆጥርም፣ ጓድ ሻምበል» አልኩ። «ይንቀጠቀጣል እንጂ።»

እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የምለው፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ከወታደሮቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሻምበሉ እኔን አየ፣ ብዕሩን አየ፣ ከሾላው ሥር የተቀመጠውን መስፍንን አየ።

«ሰላይ ብትሆኑ እንዲህ አትብረከረኩም» አለ በመጨረሻ። «ፍቱት። ማሽኑ ዛሬውኑ ይነሣ። ያለውን ወረቀት በሙሉ፣ መዝገቡንም ጨምሮ፣ ለኔ።»

የዘጠኝ ወር ወረቀት በዚያው ቀን በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ሄደ። መስፍን በላንድሮቨሩ ውስጥ የእጁን አንጓ እያሸ ተቀመጠ። «አላህ ነው ያወጣህ» አሉት ጋሽ ከድር። መስፍን ግን፣ «ብዕሩ ባይዘልስ?» አለ። ጋሽ ከድር ሞተሩን አስነሡ።

የመጨረሻውን ቅጽ የሞላሁት ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። «ሠልጣኙ ለሙያው ዝግጁ ነው?» ይላል።

«አይደለም ብለህ ጻፍ» አለኝ። «‹የእኔ ነው› ያልኩት ጀግና ሆኜ እንዳይመስልህ። እኔን ዩኒቨርሲቲው የት ገባ ብሎ ይጠይቃል፤ አንተን ማን ይጠይቃል ብዬ አሰብኩ። እሱም ስሌት ነው። ከተፈታሁ ጀምሮ ግን መኪና በሰማሁ ቁጥር እጄ ይርዳል። በዚህ እጅ መስክ አይሠራም።»

ዝግጁ ነው ብዬ ጻፍኩ። እሱ ግን በቃሉ ጸና፤ በየወሩ ለቢሮ ገልብጬ ባስቀመጥኳቸው በቀን ሦስቱ የእጅ ንባቦች ዶክትሬቱን ጨርሶ፣ ዕድሜውን በሙሉ በክፍል ውስጥ አስተማረ። መስክ አልወጣም። ከአምስት ዓመት በፊት ማረፉን ሰማሁ።

ለመክሊት ያልነገርኳት ይህን ነው። ረጅም ልምምድ ሙያን ያስተምራል ይባላል፤ እውነት ነው። መስፍን በዘጠኝ ወር የተማረውን ወንዝ እኔ በዓመታትም አልተማርኩትም ነበር። ግን የአንድ ጠዋት ድንጋጤ ዘጠኙን ወር ውጦት ቀረ፤ ያንን ድንጋጤ ያመጣው ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝ አቅጣጫና ጭነት ነው።

አንድ የማላውቀው ነገር አለ። ለሻምበሉ ስለ መሣሪያው ከመንገሬ በፊት «ጽሕፈቱ የእኔ ነው» ብያለሁ ወይስ አላልኩም? አንዳንድ ቀን ድምፄ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አፌን የከፈትኩት ለመሣሪያው ብቻ ይመስለኛል። መስፍንን አልጠየቅኩትም፤ ፈራሁ። ጋሽ ላሊሞና ጋሽ ከድር ዛሬ የሉም። ከአራቱ ወታደሮች፣ ከቡናው ሹፌር ወይም ከረዳቱ ይህን የሚያነብ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ካሚዮኑ የተሳሳትኩት ቢኖር አርሙኝ። ከሁሉ በፊት ግን ያንን ቃል ሰምታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ። አልሰማንም የምትሉ ከሆነም ጻፉልኝ።