የጋሽ አስማማው ቁራኛ

ጋሽ አስማማው ሰው አያምኑም። ሐሜት አታድርጉብኝ፤ ፊት ለፊታቸው ብናገረው ራሳቸው «እውነትሽን ነው» ይላሉ። ሰርግ ቤት ጠላ ሲቀዳላቸው ቀጂዋ ደጋግማ ካልቀመሰችላቸው አይነኩም። ማክሰኞ መንገድ የሚነሡ ከሆነ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ታየች «ሐሙስ ነው» ይሏቸዋል። የጆንያ አፍ የሚያስሩበት የራሳቸው ቋጠሮ አላቸው፤ ከእሳቸውና ከአንድ ልጃቸው ከጌቾ በቀር የሚፈታው አልተገኘም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ሲሉ የሰማቸው ሰው ዳዊት የሚደግሙ ይመስለዋል።

እኔ ያለምወርቅ እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠበቃ ነኝ። ጋሽ አስማማው ደንበኛዬ ናቸው፣ ንዴቴም እሳቸው ናቸው። ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ባቄላ ከገበሬው ሰብስበው ለሱዳን ነጋዴ ይሸጣሉ። እኛ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» እያልን የምናሾፍበትን እህል ሱዳኖች ጠዋት ጠዋት ይቆርሱበታል፤ ከጮቄ ተራራ ሥር የበቀለውን ደግሞ ከየትም አስበልጠው ይወዱታል።

ጥርጣሬው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከልጅነት ነው። አባታቸው የዋህ ሰው ነበሩ። የገዛ ወንድማቸው በሐሰት ምሎ መሬታቸውን ሲነጥቃቸው፣ ትንሹ አስማማው የአባቱን ጋቢ ይዞ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያ አጎት እስከ ዋዜማው ድረስ እነሱ ቤት ከነበሬው የሚበላ ሰው ነበር። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ብለው አባትየው ቤት ገቡ፤ ልጁም ያችን ቃል ይዞ አደገ። ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ብቻ ያናድዱኛል።

«የሱዳን ነገር ለማርቆስ ጠበቃ ምኗ ነው?» የሚለኝ ብዙ ነው። ድሮ ጠበቃ የሚፈለገው ሰው ከተጣላ በኋላ ነው። እኔ ነገሩ ሳይበላሽ ልፈለግ ብዬ ተነሣሁ፤ ሳቁብኝ። ኮምፒውተሬ ላይ የካርቱም ወሬ ይመጣልኛል፤ ዓረብኛውን እዚያው ይተረጉምልኛል። ወታደር ሲንቀሳቀስ፣ ድንበር ሊዘጋ ሲል ስልኬ ይጮኻል። የመተማ መስመር ሾፌሮች የሚያወሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም ገብቻለሁ። ያንን ሁሉ አይቼ ነው ውል የምጽፈው፤ ርክክቡ የት ይሁን፣ ጦርነት ቢነሣ ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ፣ መኪናው የት ደርሶ ይቁም። በደንበኞቼ መኪና ላይ ጂፒኤስ አስደርጋለሁ፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ናት፣ መኪናው የደረሰበትን በካርታ ላይ በነጥብ ታሳያለች።

የጋሽ አስማማውን ውል ሳነብላቸው «ጦርነት ቢነሣ» የሚለው ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ።

«በውል ቀን ታሟርቺብኛለሽ?»

«ሟርት አይደለም ጋሽ አስማማው፣ ጥንቃቄ ነው።»

«ጦርነት እንደሚነሣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ወሬውን አየሁ።»

«ኮምፒውተሩንስ ማን ነገረው?»

ደሜ ፈላ። ግማሽ ቀን ተከራክረን በመጨረሻ ርክክቡ መተማ ላይ፣ ከድንበሩ ወዲህ እንዲሆን ፈረሙ። ጂፒኤሱንም «አንቺ ካልሽ» ብለው ኪሳቸው ከተቱ። እሳቸው «አንቺ ካልሽ» ሲሉ መጠርጠር የእኔ ፈንታ ነበር።

ዘመኑም አያግዝም። መንገድ ላይ ሰው እየታገተ ዋጋ የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። «የት ደረሳችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ጠቋሚ ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ያንን መጠየቅ ነው።

በሰሞነ ሕማማት የካርቱም ወሬ ከፋ። ሁለት ጦሮች ተፋጠዋል፣ ወታደር ወደ ከተማው ይጎርፋል ይላል። ካርታውን ከፈትኩ። ነጥቡን የመዘገብኩት በሾፌሩ፣ በልጃቸው ስም ነው፤ «ጌቾ» ይላል፣ ሮብ ገበያ ላይ ቆሟል። ገና አልተነሣም፣ ተመስገን አልኩ። በማግሥቱም እዚያው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እየጫነ ነው አልኩ። በስቅለት ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል አንዴ ልየው ብዬ ከፈትኩት። ነጥቡ ከመኪና መንገዱ ወጥቶ በእግር መንገዱ ሽቅብ ወደ ሚካኤል ይወጣል። ያንን ዳገት አውቀዋለሁ፤ በቅሎ እንኳ ቆማ የምትተነፍስበት ነው። ኤፍኤስአር መኪና ባቄላ እንደጫነ ሊሰግድ ወጣ?

ክው አልኩ። ጂፒኤሱ ያለው ጋሽ አስማማው ኪስ ውስጥ ነው። እንዳልጠረጥር ብለው ይዘውት እየዞሩ ነው! መኪናው ግን ወጥቷል ማለት ነው፣ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ደወልኩ፣ አያነሡም። የማውቀውን የሚኒባስ ሾፌር ለምኜ ሮብ ገበያ ገባሁ፤ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ሰዉ ቅጽሩን ሞልቶ ይሰግዳል። ጋሽ አስማማው ከአንድ ጽድ ሥር ናቸው። አጠገባቸው ገብቼ አብሬ እሰግድ ጀመር።

«ጌቾ የት ነው?» አልኳቸው ወደ መሬት ስንወርድ።

ቀና ስንል «ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም። ካርቱም ሊፈነዳ ነው፣ ልጅዎን ይመልሱት።»

«ባምላኩ ነው የላከሽ» አሉ እንደገና ሲወርዱ። ባምላኩ አማኑኤል ከተማ ያለ ተፎካካሪያቸው ነው። «የእኔ ጭነት ሲመለስ የእሱ ሊገባ!»

ሰው ዞሮ አየን። እጃቸውን ይዤ ከቅጽሩ ውጭ አወጣኋቸው። «አፈር ስሆንልዎ ጋሽ አስማማው፣ ይንገሩኝ። አንድ ልጅ ነው ያለዎት።»

«ለቃልሽ ዋስ ጥሪ።»

«ማንን ልጥራ? ማንን ያምናሉ?»

ትንሽ አሰቡ። «ማንንም» አሉ።

ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አባቴ ደብረ ወርቅ ሳለን የሚያወራልን የድሮ ሙግት ትዝ አለኝ። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ቁራኛ ማለት እሱ ነው። የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

«በሉ፣ ዋስ የለኝም፣ ቁራኛ ነኝ። ጌቾ በሰላም እስኪገባ ከእጅዎ አልወጣም። ሸጬው ከሆነ እዚሁ በድንጋይ ይበሉኝ።»

ጋሽ አስማማው ቋጠሮውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ፈቱት። አለቀልኝ ስል፣ መልሰው በራሳቸው ቋጠሮ፣ በጆንያው ቋጠሮ አሰሩት። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው አይቼው የማላውቀውን ስልክ አወጡ፤ የጌቾን የሱዳን ቁጥር የሚያውቀው እሱ ስልክ ብቻ ነው።

«ሃሎ፣ አባባ!» አለ ጌቾ። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«የት ደረስክ?»

«ገዳሪፍን አልፌያለሁ። ነገ ጠዋት ካርቱም ነኝ።»

መተማ ማስረከብ የነበረበት ልጅ! ኋላ እንደነገሩኝ፣ መተማ የሚለውን እኔ ስለጻፍኩት መተማን ጠርጥረው፣ ካርቱም ድረስ ሊያደርሱለት ከገዢው ጋር በስልክ ተስማምተዋል።

«ጌቾ፣ ተመለስ» አሉት።

«ምን አልክ አባባ?»

«ተመለስ! ጭነቱ ገደል ይግባ፣ አሁኑኑ ዙር!»

«እሺ አባባ» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ገባኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ተመስገን ብዬ አማተብኩ። ጋሽ አስማማው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። መልሰው ደወሉ፤ ዝግ ነው። ደጋገሙት፤ ዝግ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ሲሉ እኔንም በነጠላዬ ስበው አስቀመጡኝ።

«ምን ሆኑ? ይመለሳል እኮ!»

«አይመለስም» አሉ። «ሲነሣ የነገርኩት አለ። እኔ ራሴ ደውዬ ተመለስ ካልኩህ ሽፍታ ይዞኝ በግድ ነው የሚያናግረኝ። ስልክህን ዝጋ፣ ሳትቆም ቀጥል ብዬዋለሁ።»

ወይ አምላኬ! ፊታቸውን ሳይ ቁጣዬን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ለሾፌሮቹ ግሩፕ ጻፍኩ፤ እንዲህ ያለ መኪና፣ እንዲህ ያለ ልጅ፣ ያያችሁት አስቁሙት ብዬ ለመንኩ። ወደ ማምሻው አንዱ መለሰልኝ። መልእክቴ ሳይደርሰው፣ ከካርቱም ወዲህ ወድ መደኒ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ አይቶታል፣ ሰላም ሳይለው ፈጥኖ ወጥቷል። ሌላ ወፍ የለም። ስግደቱ ሲያበቃ ቄሱ በወይራ ቅጠሉ ጀርባችንን ሲነኩን ቋጠሮውን አዩት፤ እሱንም በቅጠሉ ነኩት።

ቁራኛ ነኝ ብያለሁና እቤታቸው አደርኩ። ቀዳም ስዑር ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፍቷል። ወይዘሮ ታየች መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ያ መኪና የምታዪበት ነገር የጌቾዬን አያሳይሽም?»

ዕቃው እዚያው ባላቸው ኪስ ውስጥ ነው። ጋሽ አስማማው ራሳቸው አውጥተው እግራቸው ሥር አስቀመጡላቸው። ወይዘሮ ታየች አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ምንነቱ ሲገባቸው ያለቀሱት ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ጌቾን ያልፈለግኩበት የለም። ለኤምባሲው ጻፍኩ። ከሱዳን ሸሽቶ መተማ የገባውን ሰው ሁሉ ፎቶውን እያሳየሁ ጠየቅሁ። አንዱ መኪናው ሲቃጠል አይቻለሁ ይላል። ሌላው ፖርት ሱዳን ላይ ሻይ አብረን ጠጥተናል ይላል። ጋሽ አስማማው አንዱንም አያምኑም። «ተቃጠለ ያለው ማን ልኮት ነው?» ይላሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርጣሬያቸውን ወደድኩላቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማርቆስ ገበያ ሲወጡ ቢሮዬ ይመጣሉ። ወንበራቸውን አጠገቤ አስጠግተው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጋር በዚያው ቋጠሮ ያስራሉ፤ ጌቾ እስኪገባ ነውና ውላችን። ከዚያ «ክፈችው» ይሉኛል። ካርታውን እከፍተዋለሁ። ነጥቡ ሮብ ገበያ፣ ቤታቸው ላይ አለ፤ ከጎኑ «ጌቾ» ይላል። ጂፒኤሱን ልጁ የሚተኛበት መደብ ራስጌ አስቀምጠውታል። አንድ ቀን ስሙን ላጥፋው ወይ ብላቸው «አትንኪው!» ብለው ጮኹብኝ።

ባለፈው ቅዳሜም መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ቤት ነው ይላል?»

«አዎ፣ ቤት ነው ይላል።»

ኮምፒውተሩን ማን ነገረው እንዲሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ባትሪው ሊያልቅ ነው ይላል፣ ጋሽ አስማማው።»

«ማታ እሞላዋለሁ» አሉና ቋጠሮውን ፈትተው ወጡ።