ስለ ወረቀትሽ እርምጃ እወስዳለሁ

ትናንት ኮምቦልቻ ውስጥ የማስጠናቸው ልጆች መጽሐፍ ላይ «ስቴፕ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል መጣችና፣ ትርጉሟን ልጽፍ ጠመኔውን ሳነሳ ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ የካርቱም አቧራ ሸተተኝ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «እርምጃ!» አሉ። ትክክል ናቸው፤ እኔም በዐሥራ አራት ዓመቴ ትክክል ነበርኩ።

ያኔ ከእናቴ ከዘሃራ ጋር ካርቱም ዳር ካላክላ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንዲት ፈረንጅ ቤት ታጸዳለች፤ እኔ ደግሞ ከሐበሻ ትምህርት ቤት በቃረምኳት እንግሊዝኛ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የሻምፑውን ጀርባ ለሰፈሩ ሁሉ እተረጉም ነበር። ያላወቅሁትን በግምት እሞላዋለሁ፤ ማን ያርመኛል? እናቴማ «ዶክቶራዬ» እያለች ጎረቤቱን ታሰለች ነበር።

ሱዳኖች በመንግሥታቸው ላይ ያስነሱት አብዮት ሲግል መንገዱ በጡብና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፣ ሚኒባሱም ቆመ፤ እናቴ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትመላለስ ጀመር። ከፈረንጇ ጋር የሚግባቡት በእጅ ምልክትና በጥቂት የዐረብኛ ቃላት ነበርና፣ አንድ ቀን ሴትየዋ በዘበኛው በኩል ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላከችላት። ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተረጎምኩት፦ መንገዱ እስኪረጋጋ አትምጪ፤ ስለ ወረቀትሽ እርምጃ እወስዳለሁ።

የእናቴ የመኖሪያ ፈቃድ ካለቀ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ላይ አባቷ በደርግ ጊዜ፣ ገና ጡት ሳትጥል፣ «አብዮታዊ እርምጃ» የተወሰደበት ሰው ነው። ለእሷ እርምጃ ከእግር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ኸላስ፣ አለቀልኝ፤ ፖሊስ ልትጠራብኝ ነው። በአላህ ይሁንብሽ፣ እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት፤ ከበፊቱ ጮክ ብዬ።

ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልሄደችም። ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሳህን ማጠብ ያዘች፣ አፈሳ መጣ በተባለ ቁጥር እየተደበቀች።

መንግሥት ወድቆ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አስተማሪያችን «ስቴፕ መውሰድ» ማለት አንድን ነገር ለማሳካት መንቀሳቀስ መሆኑን በምሳሌ አስረዳን። ክፍሉ ጠበበኝ። ከዚያው ወጥቼ በእግሬ ዐማራት ሄድኩ። ዘበኛው ዐም ኢድሪስ እንዳየኝ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የት ጠፋችሁ? ሴትየዋ የመኖሪያ ፈቃዱን ፎርም ሁሉ ሞልታላት ነበር እኮ፤ የእናትሽ የጣት አሻራ ብቻ ነበር የቀረው። ጠበቀች፣ ጠበቀችና ወደ አገሯ ሄደች።»

ስመለስ እናቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ የት እንደዋልኩ ጠየቀችኝ። «ትምህርት ቤት» አልኳት።

በዓመቱ አፈሳ ወሰዳት። ከታሰረችበት ሳል ይዛ ወጣች፤ ሳሉም አልለቃትም። ሊጠይቋት ለሚመጡት ጎረቤቶች ግን እስከ መጨረሻው «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ባታነብልኝ ኖሮ ያኔውኑ አልቆልኝ ነበር» ትል ነበር፣ እጄን ይዛ። እኔም «አሚን» እያልኩ እመረቃለሁ።

ከካላክላ ዐማራት በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ያን ሄጃለሁ። ከክፍላችን በር እስከ አልጋዋ ግን አራት እርምጃ አይሞላም ነበር፤ እውነቱን ይዤ እሱን መሄድ አቃተኝ።