ጋሼ ይመር በወደቡ ዳር የደረሱት ለቅሶ

ጋሼ ይመርን ለምታውቁ ሁሉ፤ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ባለው ቤታቸው ጋደም እንዳሉ ወደ አኼራ ሄደዋል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀበርናቸው። ሺፍት ይዟችሁ የቀራችሁም፣ መርዶው የዘገየባችሁም፣ አላህ ያጽናችሁ። እኔ ግን ገና አልጸናሁም።

ጋሼ ይመር የወሎ ሰው፣ የቀድሞው ባሕር ኃይል ባለማዕረግ ነበሩ። ምጽዋ አገልግለው፣ በየመን አድርገው እዚህ ደረሱ። አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ሲነዱ ነው። አዲስ የመጣውን ሁሉ የሥራ ኢንተርቪው ድረስ ይወስዱት ነበር። በር ላይ ኮሌታውን ያስተካክሉለትና «ቀና በል! ምን ሰርቀሃል?» ይሉታል። ቁጣቸውም ለጉድ ነው። ዕቃ አዝረክርኮ የሄደን ሰው «ይኼ መርከብ ቢሆን ሁላችንንም አስምጠኸን ነበር» ብለው ያፋጥጡታል፤ ከዚያ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያነሡለታል።

እዚህ ሜልቦርን ወደብ ዳር በጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ ለቀሩ የአውስትራሊያ መርከበኞች የቆመ ሐውልት አለ። ጋሼ ይመር በየዓመቱ መታሰቢያው በሚደረግበት ቀን ሱፋቸውን ለብሰው ይሄዱ ነበር፤ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። «እርስዎን ምን አገባዎት?» ብላቸው ተቆጡ። «አንቺ፣ ጎረቤት ሞቶበት ለቅሶ የማይደርስ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ታዲያ፣ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ንፍሮ ቀቅለው በትልቅ ሳህን ይዘው መጡ። እዚያ የሚበላ ነገር የሚያመጣ ማን አለ! ሰዉ አበባውን ያስቀምጣል፣ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ይሄዳል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ምን በወጣቸው! በሰዉ መሃል እየዞሩ «ፕሊስ፣ ፕሊስ» እያሉ ሳህኑን ያቀርባሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ የመርከበኛ ሚስት ዘገን አድርገው ቀመሱና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው «ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን አብረን የምንበላው ነው» አሏቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን ይዘው አለቀሱ። በሚቀጥለው ዓመት ገና ከመኪና ሳንወርድ ንፍሮውን የሚጠብቁ ሰዎች አገኘን።

ለእኔ ቤት የዋሉት ውለታ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ታላቅ ወንድሜ ጀማል የባሕር ኃይል ወታደር ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ከነጀልባው ሰመጠ፤ አስከሬኑ አልተገኘም። እናቴ «መቃብሩን ሳላይ አላለቅስም» ብላ፣ ደሴ ላይ ለቅሶ የመጣውን ሰው ከደጅ መለሰች። እኔን ልትጠይቅ እዚህ ሆፐርስ ክሮሲንግ ቤቴ ስትመጣም በር በተንኳኳ ቁጥር «ጀማል ነው?» ብላ ብድግ ትል ነበር። ልጆቼ በእንግሊዝኛ ምን ሆና እንደሆነ ይጠይቁኛል። 

ጋሼ ይመር ይኼን ሲሰሙ አልመከሯትም፣ አልገሠጿትም። «እትዬ ዘይነባ፣ ነገ ለቅሶ እሄዳለሁ፤ አብረውኝ ይሂዱ» ብቻ አሏት። እናቴ ለቅሶ መቅረት አይሆንላትምና ሻሿን አስራ ወጣች።

ሐውልቱ ጋ ስንደርስ «የማን ልጆች ናቸው?» አለች።

«የዚህ አገር ልጆች። እንደ ጀማል ባሕር ላይ የቀሩ።»

«መቃብራቸውስ?»

«የላቸውም። እናቶቻቸው እዚህ መጥተው ነው ያለቀሱላቸው።»

እናቴ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «እኔስ ልጄን የት ላልቅሰው?» አለች። ጋሼ ይመር ከነሱፋቸው አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «እዚሁ ያልቅሱት። እኔ ጓዱ ነኝ፤ አለሁልዎ» አሏት።

«ጀማሌ! ጀማሌ!» ብላ ጮኸች። ያን ሁሉ ዘመን ያመቀችው እንባ ያን ቀን ወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ አየን፤ የተቆጣን ግን የለም። እኚያ የመርከበኛ ሚስት መጥተው ትከሻዋን ይዘው አብረው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ጀማል ማውራት ጀመረች። በልጅነቱ ያስቸገራትን እያነሣች ትስቃለች። ልጆቼ አጎታቸውን ያወቁት ያኔ ነው። አገሯም የገባችው ቀለል ብሏት ነው።

ጋሼ ይመር፣ ለዚህ ውለታዎ በቁምዎ በቅጡ አላመሰገንኩዎትም፤ ባመሰግንዎትም «ሂጂ ወዲያ!» ይሉኝ ነበር። አሁን ሊያስቆሙኝ አይችሉምና ይስሙኝ፦ እናቴን መልሰው ሰጥተውኛል፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። አገር ቤት የሚያለቅስልዎ ዘመድ እንዳልቀረ ስለምናውቅ፣ ስንቀብርዎት አንጀታችን አርሮ ነበር። ለካ ተሳስተናል። እናቴ መርዶዎን በስልክ እንደሰማች ደሴ ላይ ለቅሶ ተቀምጣለች። ማን ሞቶባት እንደሆነ የጠየቃትን ሁሉ «ልጄ ነው» ትላለች።