ከወንዙ ማዶ የተኙት ዘጠኝ

የደጋው ጦር ወርዶ፣ ተዋግቶ፣ አገሩን ይዞ ከተቀመጠ ሦስት ክረምት አልፏል። በዚያ ሦስት ክረምት ውስጥ ብኸይታ ያላሰበችው ሥራ ያዘች፤ ሰው ማዞር። ከአሶሳ በስተምዕራብ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ውጊያው የዋለበት ሜዳ ዳር ጎጆዋን ይዛ የቀረች እሷ ብቻ ነበረች። ዘመድ የሞተበትም፣ ለንግድ የሚያልፍም፣ እንዲያው ቦታውን ለማየት የጓጓም ደጇ እየቆመ አሳዪን ይላል። እሷም ገበቴዋን ደፍታ፣ የቀርከሃ በትሯን ይዛ ትነሣለች።

ድሮ ወርቅ አጣቢ ነበረች። በበርታ አገር የወንዝ ወርቅ የሴት ሥራ ነው። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ወንዝ ስትወርድ አደገች፤ አገባች፤ ባሏን ንዳድ ወሰደባት፤ አንድ ልጇን ኻሚስን በዚያችው ገበቴ አሳደገች። ሥራው ዐይኗን አሠልጥኖት፣ የተነካ አፈርና ያልተነካ አፈር ከሩቅ ትለያለች። ኻሚስ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ገንፎው እስኪበርድ መጠበቅ የማይሆንለት ልጅ ነበር። የውጊያው ቀን ከጎረምሶቹ ጋር ጦሩን ጨብጦ ወጣ። በማግሥቱ ያገኘችው ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው።

ሰው ስታዞር መንገዷ አንድ ነው፤ አትለውጠውም። መጀመሪያ የተቃጠለውን የቀርከሃ አጥር፣ ቀጥሎ የቅል መለከት ነፊዎቹ ቆመው የነፉበትን ጉብታ፣ ቀጥሎ ግንዱን ጥይት የበሳውን ዛፍ ታሳያለች። እንግዳው ጣቱን በቀዳዳው እስኪሰድ ትጠብቀዋለች፤ ጣቱን ያልሰደደ እንግዳ አይታ አታውቅም። ከዚያ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ትወርድና በትሯን ውሃው ዳር ተክላ፣ እዚህ አለቀ ትላለች። ሰው ሁሉ አምኗት ይመለሳል።

ውሸቷን ነበር። ውጊያው ያለቀው ከማዶ ነው።

ያኔ በማግሥቱ ጉልበት ያለው ወንድ በአካባቢው አልነበረም፤ የተረፈው ጫካ ገብቷል። የቀሩት ብኸይታ፣ ጎረቤቷ ዐፊፋና ቁርኣን የሚያስቀሩት፣ ዐይናቸው የደከመው ሽማግሌ ፈኪ ዐብዱልቃድር ነበሩ። ሾላው ሥር ዘጠኝ ሬሳ አገኙ፤ አራቱ የአገሩ ልጆች፣ አምስቱ የደጋ ወታደሮች። ዐፊፋ እነዚያን ተዪያቸው ብትል ሽማግሌው ተቆጡ። ጅብ ሃይማኖት አይለይም፣ እኛም ዛሬ አንለይም አሉ። ሴቶቹ አጠቡ፣ ቆፈሩ። ዘጠኙንም በሚያውቁት መንገድ ቀበሩ፤ በቀኝ ጎናቸው አጋድመው፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ ሰሜን መልሰው፣ ራሳቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው። በየራስጌው አንድ አንድ ድንጋይ ተከሉ። ዐፊፋ በዓመቱ ወደ ዘመዶቿ ወደ ቶንጎ ሄደች፤ ሽማግሌውም ሞቱ። የትኛው መቃብር የማን እንደሆነ የምታውቅ ብኸይታ ብቻ ቀረች።

የምትፈራው አንድ ነገር ነው። የደጋ ሰዎች ከሟች ጋር ጠመንጃና ወርቅ ተቀብሯል ብለው መቃብር ይከፍታሉ የሚል ወሬ ገበያ ላይ ሰምታለች። ሲከፍቱ አላየችም። ግን ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ይባል የለ። ዘጠኙ ሁሉ ላዩ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን የፈለገ ዘጠኙን ይከፍታል፣ ዘጠኙን የከፈተ ኻሚስን ያነሣል። 

ባቢከር የሚባለው ጨው ነጋዴ አንድ እንግዳ ይዞ የመጣው በጥቅምት ነው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ፣ ገና እሳት ሳይነካው። እንግዳው ዋኘው ይባላል። ከአባይ ማዶ የመጣ፣ ከሲታ፣ ጺሙ የሸበተ ገበሬ ነው። በቅሎው ላይ ዶማና ባዶ ስልቻ ተጭኗል። ብኸይታ ሰላምታውን ሳትጨርስ ዶማውን አየች። ገበሬ ዶማ ቢኖረው አይደንቅም፤ በሰው አገር ግን ምን ሊቆፍርበት ነው?

ባቢከር በበርታኛ፣ ይህ ሰው ወንድሙ በውጊያው ሞቶበታል፣ ቦታውን አይቶ ይመለሳል አላት። ስለ ስልቻው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷም አንድ ያልተነፈሰችው ነገር ነበራት። ሁለት በጋ አሶሳ ከሰፈረው ጦር ዘንድ ማሽላ ስትፈጭ ከርማለች፤ አማርኛ ብትናገር ይሰባበርባታል እንጂ ስትሰማ ብዙ አያመልጣትም። ባቢከር ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈለገች።

እንዲህ ሆነው ጉዞ ጀመሩ። እሷ ከፊት፣ ዋኘው ከኋላዋ ዶማውን ትከሻው ላይ፣ ስልቻውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ባቢከር በቅሎውን እየሳበ ከመጨረሻ። ከኋላዋ ዶማ የያዘ ሰው ሲራመድ ጀርባዋን አሳከካት። አጥሩን አሳየችው፤ ሳያይ አለፈ። ጉብታውን አሳየችው፤ መሬት መሬቱን ያያል። ጥይት የበሳው ዛፍ ጋ ሲደርሱ ጣቱን አልሰደደም። የመጀመሪያው እሱ ነው። ብኸይታ ያን ጊዜ ፈራችው።

እሱም አላመናትም። ይቺ ሴትዮ ዐይኗ አላማረኝም፣ ወርቅ የምታወጣበትን ሸሽጋ ነው የምታንከራትተን አለ ለባቢከር።

ባቢከር ጉሮሮውን ጠራረገና፣ አክስቴ ለማለት፣ "ኻልቲ፣ አካሄድሽ ጎበዝ ነው ይላል" አላት።

ብኸይታ አመሰግናለሁ በልልኝ አለች፤ ፊቷም አልተለወጠም።

መሻገሪያው ጋ በትሯን ተከለችና እዚህ አለቀ አለች። ዋኘው አልተመለሰም። ከወንድሙ ጋር የዘመተ ባልንጀራ ነግሮት ኖሯል፤ ውሃውን ተሻግረን፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው የወደቀው ብሎ። ከማዶስ ምን አለ ብሎ አስጠየቃት። ረግረግ ነው፣ እባብ አለ፣ ሰው አይሄድበትም አለች። ሰውዬው አጎንብሶ ከውሃው ማዶ ያለውን ሣር ብዙ አየ። ከዚያ በጣቱ አመለከተ።

"ሰው የማይሄድበት ከሆነ ያንን ሣር ማን ረገጠው?"

በሣሩ መሐል ቀጭን ዱካ፣ እንደ ፍየል መንገድ፣ ከውሃው ተነሥቶ ወደ ሾላው ይወጣ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጁምዓው ወደ ልጇ ስትመላለስ የገዛ እግሯ የሠራው ነው። ምላሷን ስትጠብቅ እግሯ ነገረባት። ሰውዬው ውሃው ውስጥ ገባ፤ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው። ባቢከር በቅሎውን ዳር አስሮ፣ ጫማውን አውልቆ እየተነጫነጨ ከኋላቸው ተሻገረ።

ሾላው ሥር ዘጠኙ ተሰልፈዋል። ዋኘው ዶማውን ጣል አድርጎ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ራስጌውን ያያል፣ ፀሐይዋን ያያል፣ ደግሞ ራስጌውን ያያል። ዘጠነኛው ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለ። ሁሉም እስላም ናቸው አለ። ክርስቲያን ራስጌው በምዕራብ ነው፤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። እዚህ ግን ድንጋዩ ሁሉ በምሥራቅ ቆሟል።

ብኸይታ ዶማውን አየችው። ሰውዬው በራሱ ጊዜ ተሳስቷል፤ ዝም ካለች ዶማውን አንሥቶ ይሄዳል፣ ኻሚስም በሰላም ይተኛል። ዝም አለች።

ዋኘው ግን መናገሩን ቀጠለ፣ ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ። "የራሳቸውን ቀብረው የእኛን ለጅብ ጣሉት። እናቴን እንግዲህ ምን ልበላት? አጽሙን አፍልሼ ከአባቱ ጎን አሳርፈዋለሁ ብዬ ምዬላት ነው የወጣሁት።"

ባቢከር፣ "የለም ይላል፤ በቃ እንመለስ" ብሎ ተረጎመላት።

ስልቻው ለምን እንደመጣ ያን ጊዜ ገባት። ለወርቅም ለጠመንጃም አይደለም፤ ለአጥንት ነው። ቢሆንም አላመነችም። የሰውን ሆድና የወፍን ወንድ ማን ያውቃል? ለቅሶ የማያልቅበት ሌባም አለ። ግን ያ "ለጅብ ጣሉት" የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ እንደ ትንኝ ይዞራል። እጇ እስኪላጥ በገበቴ አፈር ያወጣችው ለጅብ ነው? ዝም ብትል ኻሚስ ይተርፋታል፤ ዝም ብትል ደግሞ አንዲት እናት ማዶ አገር ሆና ልጇን ጅብ ሆድ ውስጥ ስታየው ትኖራለች። በትሯን ወዲያና ወዲህ አገላበጠች። ከዚያ በአማርኛ ተናገረች።

"ጅብ አልበላ። አምስት ያንተ ሰው፣ አራት የኔ ሰው። ሁሉ እኔ ቀበረ።"

የባቢከር አፍ ተከፍቶ ቀረ። ዋኘው ደስ ይለዋል ብላ ነበር፤ ይልቁን ፊቱ ጠቆረ።

"አማርኛ ታውቂያለሽ? ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ለምን ዶማ ይዞ መጣ?"

ወንድሜ የትኛው ነው ምልክት ንገሪኝ አላት። አይሆንም፣ መጀመሪያ አንተ ተናገር አለችው። እሱ ቢናገር እሷ አዎ እሱ ነው ትላለች ብሎ ፈራ፤ እሷ ብትናገር እሱ አዎ ወንድሜ ነው ብሎ ያገኘውን ይቆፍራል ብላ ፈራች። ባቢከር መላ አለኝ አለ፤ ሁለታችሁም በጆሮዬ ንገሩኝና እኔ ላስታርቅ። ሁለቱም እኩል ዞረው አዩት። ከመጡ ጀምሮ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ባቢከር ወደ ሾላው ጥላ ሸሸት አለ።

በመጨረሻ ብኸይታ አጎነበሰች። ቃል ሳትናገር ግራ ቅልጥሟን በመዳፏ ያዘችና ሌላውን እጇን እንደ ቀስት ጎበጥ አድርጋ አሳየችው። ሬሳውን ስታጥብ ያየችው ነው፤ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ የዳነ አጥንት። ዋኘው የራሱን ቅልጥም ያዘ። ወንድሙ ምንውየለት በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ወጌሻው አጣሞ ጠግኖት ነበር።

ይህን ከነገራት በኋላም አልተለሳለሰችም። አንድ ብቻ ትቆፍራለህ፣ ሌላ ብትነካ ከዚህ በሕይወት አትሻገርም አለችውና በእናትህ ማል ብላ ያዘችው። እናቴን ሳላይ ልቅር ብሎ ማለ። ያን ጊዜ ስድስተኛውን በበትሯ ነካች።

ሰባተኛው ኻሚስ ነው። ዶማው ሲነሣና ሲወርድ ከልጇ ራስጌ በአንድ ክንድ ርቀት ያልፍ ነበር። ሄዳ ከላዩ ልትተኛበት ፈለገች። ግን ከላዩ ብትቀመጥ የትኛው እንደሆነ ሰውዬው ያውቅባታል፤ ስለዚህ ልቧን እዚያ ትታ ወደ ሰልፉ ጫፍ፣ ወደ መጀመሪያው መቃብር ሄዳ ተቀመጠች። በዚያ የተኛው ከአምስቱ የደጋ ሰዎች አንዱ ነው፤ ስሙን አታውቅም፣ የጠየቀውም የለም።

ዋኘው መሬቱ ሲላላለት ዶማውን ጥሎ በእጁ ዛቀ። የግራውን ቅልጥም ሲያገኘው እንደ ቀስት ጎብጧል። ጭንቅላቱ በምሥራቅ፣ ጎኑን ዞሮ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን። ብዙ አየው።

"ለምን እንዲህ አስተኛችሁት?"

"እኔ ሌላ አያውቅም" አለች። "የኔ ልጅ እንዴት ተኛ፣ እሱም እንደዚያ ተኛ።"

 አጥንቱን አንድ በአንድ በነጠላው ላይ እየለቀመ አጠራቀመ፤ በስልቻው አኖረ። እሷ እጁን ነው የምታየው፤ ከስድስተኛው ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ሰባተኛው እንዳይዘረጋ። አልተዘረጋም። ጉድጓዱን በዶማው መልሶ ሞላ፣ አፈሩን በእግሩ ደለደለ፤ ከዚያ ላቡን ጠርጎ ወደ እሷ መጣ።

"እማማ፣ የልጅሽ የትኛው ነው?"

ድምፁ ተለውጦ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሴትዮ ሲል የዋለ ሰው ነው። ብኸይታ ዐይኑን አየችው፤ ስልቻውን አየችው፤ ዶማው ገና ከእጁ አልተለየም። እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነገ ሌላ ሰው ቢልክስ? ልቧ ወደ ሰባተኛው እየጎተታት፣ እጇ ግን የተቀመጠችበትን መታ መታ አደረገ።

"ይሄ ነው።"

ዋኘው ወንዙ ዳር ወረደ። ደረቱን የሚያህል ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ አቅፎ ተመለሰ። ብኸይታ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችለት። ድንጋዩን በመጀመሪያው መቃብር ላይ በቀስታ አኖረው፤ ነጠላውን የወንድሙ አፈር ስለነካው ሳይለብሰው፣ በባዶ ትከሻው አጎንብሶ እጅ ነሣ። ነፍስ ይማር ሊል ጀምሮ፣ ለእስላም ምን እንደሚባል ስላላወቀ ይመስላል፣ መሐል ላይ ተወው። ከዚያ ስልቻውን አዝሎ፣ ባቢከርን አስከትሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ብኸይታ ብቻዋን ቀረች። የሰባተኛውን አፈር ዞራ ዞራ አየችው። ወርቅ አጣቢ ዐይን አይሸወድም፤ አልተነካም። ቀጥላ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሄደች። ለኻሚስ የመጣ ድንጋይ ነው። እናት ያለችው ሰው ለእሷ ልጅ ብሎ ከውሃ ውስጥ ያወጣው፤ እሷ ግን ለማታውቀው ሰው ሰጠችበት። ኀፍረት ፊቷን አጋለው። አጎንብሳ አቀፈችው፤ ከባድ ነበር። ወደ ሰባተኛው ሦስት እርምጃ ሄደች።

ከማዶ ሣሩ ተንቀሳቀሰ። ንፋስ ይሁን፣ በቅሎው ይሁን፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ይሁን አላወቀችም። ትንሽ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ሦስቱን እርምጃ ተመልሳ ድንጋዩን ከነበረበት፣ ማንም ካልመጣለት ሰው ላይ አስቀመጠችው።