ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ሽፈራው

ሽፈራው መሞትን አይፈራም። የሚፈራው ከሞተ በኋላ የሚነበብለትን ነው።

የዕድሜውን ግማሽ አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ትቶ፣ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ሱቁን ከፍቶ ቁጭ ካለ ወዲህ ቀብር አምልጦት አያውቅም። ቀብር ላይ ሌላው ሰው ሲያለቅስ እሱ ጆሮውን አቁሞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያዳምጣል። አንድ ቀን የአንድ የሹፌር ጓደኛውን ታሪክ ሲያነቡለት ተወለደ፣ ነዳ፣ ታመመ፣ አረፈ ብለው ወረቀቷን አጣጠፏት። ሽፈራው ደነገጠ። ወደ ቤት ሲመለስ ሚስቱን ፀዳለን፣ «ከዚህማ ሊብሬው ላይ ያለው የመኪናው ታሪክ ይረዝም ነበር!» አላት።

የራሱን ታሪክ በራሱ እጅ ለመጻፍ የቆረጠው ያን ዕለት ነው። መጻፊያ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ነበረለት። ልጁ ሜላት ሁለተኛ ደረጃ ስትማር የተገዛላት ኮምፒውተር፣ እሷ ተመርቃ ኮምቦልቻ ሥራ ስትይዝ፣ ሳሎን ጥግ ፀዳለ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሶ ቀርቷል። ሽፈራው ዳንቴሉን ገለጠና፣ ድሮ ክላክስ ይጫንበት በነበረው ጣቱ ብቻ እየለቀመ መተየብ ጀመረ።

መጀመሪያ አንዲት ገጽ ነበረች። ኋላ ግን ቀብር በመጣ ቁጥር ታሪኩም አብሮ ያድግ ጀመር። አንድ መምህር ሲቀበሩ «ለትውልድ ሲቃጠሉ የኖሩ» ተባለ፤ በማግስቱ ሽፈራውም ለትውልድ ተቃጠለ። አንድ የአገር ሽማግሌ ሲቀበሩ «የተጣላ ያስታረቁ» ተባለ፤ ሽፈራውም አስታረቀ። ከሲሪንቃ የምርምር ማዕከል በጡረታ የወጡ ባለሙያ ያረፉ ጊዜ ደግሞ «ለተሻሻለ ዘር መስፋፋት የደከሙ» ሲባል ሰማና ትንሽ አሰበ። አንድ ጊዜ ከሲሪንቃ የማሽላ ዘር ጭኖ ውርጌሳ አራግፏል። ስለዚህ ውሸት የለበትም፣ «ለዘር መስፋፋት የበኩሉን ያደረገ» ብሎ ጨመረ።

የጻፈውን ለፀዳለ ያነብላታል። እሷ ሽሮዋን እያማሰለች ትሰማለች።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ሄጄ ነበር?» ትለዋለች።

«ቤት ነበርሽ።»

«አንተስ?»

ሽፈራው ነጠላ ሰረዝ ያስተካክላል።

ኮምፒውተሩ መታመም የጀመረው ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የተነሣ አይደለም፤ ከሽፈራው ጨዋነት የተነሣ ነው። ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሲጠይቀው እምቢ ማለት ነውር እየመሰለው፣ ለሁሉም «እሺ» የሚለውን ይጫናል። እሺ ሲል ሲል አንዱ እንግዳ ሌላውን እየጠራ ገባ። ማሽኑ ለመነሣት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሆነ። ቋንቋው የማይታወቅ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ሳይነኩት ሙዚቃ ይከፍታል።

ሽፈራው ይህን ሁሉ ችሎ ሊኖር ይችል ነበር፤ የንስሐ አባቱ ባይመጡ ኖሮ። አባ ቤቱን ሊባርኩ ሲመጡ፣ ጸሎቱ እንዳበቃ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ታሪኩን ያነብላቸው ጀመር። «ሃይማኖቱን አክባሪ፣ ጾም ጸሎት ወዳድ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ብልጭ አለና የዋና ልብስ የለበሱ፣ ልብሱም ቢሆን እምብዛም ያልነበራቸው ሴቶች ታሪኩን ሸፍነው ይወዛወዙ ገቡ። ሽፈራው እየተርበተበተ ማውዙን ሲነካካ ሴቶቹ በረከቱ።

አባ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። «ልጄ፣ እነዚህ እኅቶችም ታሪኩ ውስጥ አሉበት?»

በነጋታው ኮምፒውተሩ በጋቢ ተጠቅልሎ ወልድያ ለመሄድ ሚኒባስ ላይ ነበር። ሽፈራው ጭኑ ላይ አቅፎታል። አጠገቡ የተቀመጡ እናት የታመመ ልጅ መስሏቸው አዘኑለት።

«ምን ሆኖብህ ነው፣ ልጄ?»

«ቫይረስ ይዞት ነው፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከኋላ ወንበር ተዛወሩ። ሲሪንቃ እስኪደርሱ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ያልከፈተ ሰው አልነበረም።

ወልድያ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ዮሴፍ ማሽኑን ከፍቶ ትንሽ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ በመድኃኒት የሚድን አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት እንመልሰው።»

«ማለት . . . ኦርጅናሉ ይመለሳል?»

«አዎ፣ ኦርጅናሉ።»

ሽፈራው ደስታው ወሰን አጣ። ኦርጅናል ማለት ለእሱ ዕድሜ ልኩን ስሙን እየጠራ ሲሸጠው የኖረ፣ በዓይኑ ግን አይቶት የማያውቅ ዕቃ ነው።

«እንዴት አድርጎ ያስታውሰዋል ግን?»

«ሲሠራ እዚያው ሆዱ ውስጥ ደብቀው ያስቀምጡለታል። ትእዛዝ ስንሰጠው በኋላ የገባውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣና ያኔ የነበረውን ይመልሳል።» ዮሴፍ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ ቀና አለ። «የሚፈልጉት ነገር ካለ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ፍላሽ ላይ ላውጣልዎት። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ?»

«ላዩ ላይ? ምንም የለም። ዳንቴል ነበር፣ እሱንም ቤት አስቀምጬው መጥቻለሁ።»

ዮሴፍ ከት ብሎ ሳቀ። ጨዋታ አዋቂ ሰው መሰለው። «እንግዲያው ሁሉም ይሂድ?»

«ሁሉም ይሂድ! ቆሻሻውን አንድም እንዳታስቀርልኝ!»

የሕይወት ታሪኩ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ቆሻሻ አይደለማ! ማሽኑ እየጠረገ መሆኑን የሚያሳየው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ፣ ሽፈራው ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ፣ ሞተር ወርዶ ሲታጠብ እንደሚያይ ሰው በደስታ ይመለከት ነበር።

ቤቱ ገብቶ ሲያበራው ማሽኑ እንደ እምቦሳ ዘለለ። ስክሪኑ ጠርቷል፤ ሴቶቹ የሉም፤ ሙዚቃው የለም። በትሕትና ስሙን ጠየቀው። ሽፈራው ቅር አለው። ይህን ያህል ዓመት አብረው ኖረው! ቢሆንም ስሙን ጻፈለትና ታሪኩን ሊከፍት ፈለገ። ፈለገ፣ ፈለገ። ሰማያዊው ሥዕል ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ብቻ ቁጭ ብላለች። ቅርጫቷን ከፈታት፤ እሷም ባዶ ናት።

ሜላት ጋ ደወለ።

«አባዬ፣ የት ነበር ያስቀመጥከው? ዴስክቶፕ ላይ?»

«ዴስክቶፕ ምንድን ነው?»

«ስታበራው መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚታየው ነዋ!»

ሽፈራው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ የተጣጠፈውን ዳንቴል ለረጅም ጊዜ አየው።

ዮሴፍም ሲደወልለት ከልቡ አዘነ። «አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ጋሼ። ኮፒ የለዎትም?»

«የምን ኮፒ! እኔ አንድ ነኝ!»

በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። የጎረቤቱ ባለሱቅ አብዱልሐሊም ሁኔታውን አይቶ ገባ፤ ምርኩዙን አስደግፎ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«አላህ ያጽናህ፣ ሽፈራው። ማን ነው የሞተብህ?»

«እኔ።»

«ኢና ሊላሂ . . .» አለና አብዱልሐሊም ቃሉን መሀል ላይ አቋረጠ። «ቆይ እስቲ። አንተ?»

ነገሩ ሲገባው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «መልሰህ ጻፈው፤ ኑሮህ እንደሆነ አንተው ጋ ነው» ብሎ መከረው። ሽፈራውም ሞከረ። ችግሩ ፀዳለ ነበረች። ድሮ የተጻፈውን ስትሰማ ማማሰሏን አታቋርጥም፤ አሁን እንደ አዲስ ሲጻፍ ስታይ ግን ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ለትውልድ ሲቃጠል የኖረ» ብሎ ጀመረ።

«ምኑን ነው የተቃጠልከው?»

ሰረዘው። «የተጣላ ሲያስታርቅ የኖረ።»

«ከእኅትህ ጋር ታርቀሃል?»

ያንንም ሰረዘው። ታሪኩ «ተወለደ» ከሚለው በኋላ አልራመድ ብሎ ቀረ።

እንዲህ ሆኖ እያለ ነው ማሩ በድንገት የሞተው። ማሩ ከሽፈራው ጋር አንድ ዘመን አይሱዙ የነዳ፣ መንገድ ላይ ሽፈራውን ካላለፈ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ሽፈራውም ካላለፈው እህል የማይበላለት ሰው ነበር። ሚስቱ የሺ ከድንኳኑ ሆና ሽፈራውን አስጠራችው።

«ሽፈራው ወንድሜ፣ ጽሑፍ የምታውቅልን አንተ ነህ። ለማሩ አንድ ነገር ጻፍለት። እኔ እንደሆንሁ ከመንገድ ሲመጣ እንጂ መንገድ ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ አላውቅም።»

ሽፈራው ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ፀዳለ ለቅሶ ቤት እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል። «አቶ ማሩ . . . ተወለዱ» ብሎ ጻፈ። «በሹፍርና ሙያ . . .» አለና ቆመ። ከዚያ ጣቱ ብቻዋን ተነሣች። ለትውልድ ሲቃጠሉ የኖሩ። የተጣላ ያስታረቁ። ለተሻሻለ ዘር መስፋፋት የበኩላቸውን ያደረጉ። ያ ጠፋ የተባለው ሁሉ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሳይጎድልበት፣ እየተንዶለዶለ መጣ። ከጎኑ ተቀምጦ «ምኑን?» የሚል አልነበረም። ስሙን ብቻ ለውጦ ጨረሰው። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱም አላወቀውም።

ቀብሩ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ አነበበው። ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረጉን ለዓመታት ሳሎን ውስጥ ተለማምዶታል። ሕዝቡ መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። አጥሩ አጠገብ ሆኖ ሲሰማ የነበረው አብዱልሐሊም እንኳ መሐረቡን አወጣ። የሺ ሙሾዋን አቋርጣ፣ አፏን ከፍታ አዳመጠች። ከኋላ ከቆሙት ሹፌሮች አንዱ «ማሩ መቼ ነው ዘር ያከፋፈለው?» ሲል፣ ጓደኛው «ዝም በል፣ በሙት አይወራም» ብሎ በክርኑ ጎሸመው።

ሥርዓቱ እንዳለቀ የሺ ሽፈራውን እጁን ያዘችው።

«እንዲህ ያለ ባል እንደነበረኝ ባውቅ ኖሮ» አለችው፣ «ያን ያህል ባልተጨቃጨቅን ነበር።»

የዕድሩ ሰዎችም እዚያው ተመካከሩና የማሩ ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ዕድር ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ተስማሙ። ሽፈራው ይህን ሰማ። ማሩ አሁንም ቀድሞት አለፈ!

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀዳለ ከጎኑ ትሄዳለች። ያነበበውን እሷ በቃሏ ታውቀዋለች።

«አንድ ቃል አልቀረህም» አለችው።

«ምን ይጎዳል? ለሙት ነው።»

«ለሙትማ ነው። አንተ ስትሞትስ ምን ሊነበብልህ ነው? ያንኑ ቢያነቡልህ ሰው ሁሉ ከማሩ ሰረቀ ነው የሚልህ።»

ሽፈራው መንገዱ መሀል ላይ ቆመ። ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ በጎኑ አለፈ። ኮምፒውተሩ ታሪኩን ሲውጥበት ታሪኩ ቢያንስ የራሱ ነበር። አሁን ግን በገዛ አፉ፣ በአደባባይ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቀብሮታል።

ከሰልስቱ በኋላ አንድ ከሰዓት ፀዳለ ራሷ ማሽኑን አበራችና ጠራችው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ የተከፈተው አዲስ ገጽ ከፋብሪካ እንደወጣ ነጭ ነው።

«ሜላት የተወለደችበትን ጻፍ» አለችው።

«ያ ምን ታሪክ አለው?»

«ሽንኩርት ጭነህ ወልድያ ሆስፒታል ልታደርሰኝ ስትበር፣ ሲሪንቃ ላይ ምጡ አላስኬድ አለኝ። መኪናውን ጥግ አስያዝከው። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ነጠላቸውን በዙሪያዬ ይዘው ቆሙ። ልጅቷ እዚያው ሽንኩርቱ ጥላ ሥር ተወለደች። ይሄ ለማሩ አልተነበበም።»

ሽፈራው ጢሙን አሻሸ። ነገሩ መጥፎ አልነበረም። እየለቀመ ጻፈው፤ ሽንኩርቱን «የግብርና ምርት» ሊለው ሲል ፀዳለ ስላየችው ሽንኩርት ብሎ ተወው። ማብቂያው ላይም «አባትየው በስፍራው ነበር» ብሎ ጻፈ።

«ከመኪናው ሥር በልበት።»

«ፀዳለ!»

«ዘይት ያንጠባጥባል ብለህ ገብተህ፣ ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ መች ወጣህ? ሴቶቹ ስትወጣ እጅህን አይተው ልጄን አላስነኩህም።»

«ያንጠባጥብ ነበር እኮ!»

«ይሁን፣ ያንጠባጥብ። ግን ሥር ነበርክ።»

«ይሄ ለቀብር አይሆንም። ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ ምን አለበት! ከስንት ቀብር አንድ ቀን ቢስቅ።»

ሽፈራው ተነሥቶ ሊሄድ አሰበ። ውጭ ሰው የጠራው መስሎት ጆሮውን አቀና፤ የጠራው አልነበረም። ተመልሶ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አዘጋጀና ዞር ሳይል ጠየቃት።

«ሥር የሚባለው በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?»