ጉራቲስ ደህና ናት?

ጣቢታ ሰላምታ ማሳጠር አይሆንላትም። የእኔን ሱቅና የእሷን የከብት መኖ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ጠዋት «እንዴት አደርክ» ካለች እኔን፣ ሚስቴን፣ የአማቴን ጉልበትና ባለፈው ሳምንት የያዘኝን ሳል ሁሉ ጠይቃ ሳትጨርስ በሯን አትከፍትም። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ስሜ ፍጹም ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወሬ የሚያምረኝ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም የቀረች ቀን ቅር ይለኛል።

መኖ ቤቱን ከመክፈቷ በፊት እዚሁ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። እዚያ ስትጽፍ የኖረችው ደብዳቤ ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ የሚጀምር ነው። «ሰው ቤት ገብተህ ሳትቀመጥ ጉዳዬ ይኼ ነው ትላለህ?» ትለኝ ነበር። ይህ ጥያቄ ሆዷን ሲበላት ኖሮ አንድ ቀን ሥራዋን ለቀቀች። አለቃዋ በመጨረሻው ቀን «ወር ሳይሞላሽ ትመለሻለሽ» አላት። እሷም ልጆቹን በየስማቸው ጠይቃ ተሰናበተችው።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መጋዘኗን እስከ ጣሪያው በፉርሽካና በፋጉሎ ሞላችው። ፋጉሎ ኑጉ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ነው፤ የምታለብ ላም ትወደዋለች። ችግሩ ክረምት ነው። ዝናብ ከጣለ ሜዳው ሁሉ ሣር ይሆናል፣ መኖ የሚገዛ ይጠፋል፣ ፋጉሎውም እርጥበት ገብቶት ይሻግታል። ዝናቡ ሳይገባ ገዢ ካላገኘች ደግሞ ያንን አለቃ «መልሱኝ» ልትለው ነው። ጣቢታን ለሚያውቃት ይኼ ከሻገተ ፋጉሎ ይብሳል።

የስልክ ቁጥር ሞልቷታል። በየገበያው እየዞረች ላም ያለውን ሰው ሁሉ ስታዋራ ከርማለች፤ ከጊንጪ፣ ከአዲስ ዓለም፣ ከወንጪ። የቀረው መልእክት መላክ ነው፤ መልእክት ደግሞ የእኔ ዕውቀት ነው ብዬ አምን ነበር። ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። «ውድ ደንበኞቻችን! ጥራት ያለው ፋጉሎና ፉርሽካ በተመጣጣኝ ዋጋ አቅርበናል። ፈጥነው ይደውሉ!»

አነበበችና ስልኩን መለሰችልኝ። «ገና ደንበኛዬ ያልሆነውን ሰው ደንበኛችን ብዬ? ደግሞ ፈጥነው ይደውሉ የምለው ቤቴ እየተቃጠለ ነው?»

«ማስታወቂያ ነዋ» አልኳት። «ሰው ጊዜ የለውም። አጭር ነው የሚፈልገው።»

«እሺ፣ እንሞክረው» አለች፤ እንሞክረው ስትል ልታሳፍረኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ለአምቦ ሰዎች ላከችው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ መልስ መጣ፤ እሱም «ማን ነህ?» የሚል። ጣቢታ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ።

ከዚያ በኋላ በራሷ መንገድ ሄደች። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ትጽፋለች፤ ለከተሜው በአማርኛ፣ ለገጠሩ በኦሮምኛ። ለሆቴል ባለቤቱ «ክቡር» ትላለች፣ ለእኩያዋ አትልም። በዓል የዋለ እንደሆነ እንኳን አደረሰዎ ይቀድማል። እሷ ጴንጤ ናት፤ አዲስ ዓለም ሁለት ላም ላላቸው ቄስ ስትጽፍ ግራ ገባት። እኔ ኦርቶዶክሱ «ይፍቱኝ አባ ብለሽ ጀምሪ» አልኳት።

«ለአንድ ጆንያ ፋጉሎ ብዬ የማልለውን አልልም» አለች። ጥቂት አሰበችና «አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብሩ ሰው ሁሉ ደህና ነው?» ብላ ጻፈች። ቄሱ በረጅሙ መርቀው ዋጋ ጠየቁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን አልነገርኳትም።

መጋዘኑ ግን ገና ሙሉ ነው፤ ሰማዩም ከሰዓት ከሰዓት መጥቆር ጀምሯል። ብዙ ላም ያለው በጊንጪ ዙሪያ፣ ደንዲ ወረዳ ነው፤ ከደንዲ ግን አንድ ሰው አልገዛም። ጊንጪ ገበያ ላይ ያገኘቻቸው አንድ የዚያው አገር ገበሬ ነበሩ፣ ኦቦ ጂራ የሚባሉ፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። ስለ ጥቁር ላማቸው ስለ ጉራቲ ሲያወሩ ጆንያቸውን ረስተው ሊሄዱ ነበር። እንዲህ ስትል ጻፈችላቸው፤ ኦሮምኛውን እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው። «ኦቦ ጂራ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ቀዬው ሰላም ነው? ጉራቲስ ደህና ናት? የአምቦዋ ጣቢታ ነኝ። ፋጉሎ አለኝና ሲያስፈልግዎ ይደውሉልኝ።»

መልሱ የመጣው ሁለታችንም ምሳ ስንበላ ነው። እሳቸውም እንደ እሷ በቅደም ተከተል የሚመልሱ ሰው ናቸው። «እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ቀዬው ሰላም ነው። ጉራቲ ዛሬ ጠዋት ሞተች።»

ጣቢታ ጉርሻዋን መለሰችው። እኔ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። «አየሽ?» አልኳት። «የሌላውን ሰው ላም ምን አገባሽ? አሁን ያሾፍሽባቸው ነው የሚመስላቸው። በቃ ተያቸው፤ ላም የሌለው ሰው ፋጉሎ አይገዛም።»

«ጠይቄ ሲነግሩኝ ዝም ልል?» አለች።

«እንግዲያው ጥጃ ካለቻቸው ለጥጃዋ የሚሆን ፉርሽካ እንዳለሽ ጨምሪበት።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝና አፈርኩ። እጇን ታጥባ መጣችና ጻፈች። «ኦቦ ጂራ፣ ዋቃ ምትኩን ይስጥዎ። ስለ ጉራቲ ሲያወሩ ሰምቻለሁና አዝኛለሁ። ጣቢታ።» ሌላ ምንም የለበትም። ፋጉሎ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ላከችውና ምሳዋን ሳትጨርስ ወደ መጋዘኗ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሰላምታዋ አጭር ነበር። አማቴን ሳትጠይቅ አለፈች። ሰማዩን ቀና ብላ ስታይ አየኋትና ያንን አለቃዋን አሰብኩት፤ ሳላውቀው ጠላሁት።

ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የምትመልሰው ሁሉ ይሰማኛል። «አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታዋን እየደጋገመች ከማን ጋር እንደምታወራ ሳታውቅ ቤተሰቡን ሁሉ ጠየቀች። ሲጨርሱ ሮጣ መጣች። የደወሉት ቶሌራ የሚባሉ የኦቦ ጂራ ጎረቤት ናቸው። ላሟ የሞተች ዕለት ጎረቤቱ አይዞህ ሊል ኦቦ ጂራ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ጊፍቲ፣ የኦቦ ጂራ ልጅ፣ የጣቢታን መልእክት ለሰዉ ጮክ ብላ አነበበች። ቶሌራ «ማን ናት?» አሉ። «መኖ የምትሸጥ ናት፣ ከአምቦ።» «ታዲያ ግዙኝ አላለችም?» «አላለችም» አለች ጊፍቲ። በዚህ ቀዬው ሲያወራ አመሸ።

«ፋጉሎ የሚገዙት ለራሳቸው ብቻ አይደለም» አለችኝ ጣቢታ። «ስድስት ቤት ሆነው ነው የሚጭኑት። ነገ አይሱዙ ይዘው ይመጣሉ።» ይህን ስትናገር አልዘለለችም፤ እንደሚሆን ታውቅ የነበረ ሰው ነው የምትመስለው። እኔ ግን ወገቤን እስኪያመኝ ጆንያ ተሸክሜ አይሱዙው ላይ ጫንኩላት። ከደንዲ ሌሎችም ተከትለው መጡ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ጥቂት ጆንያና የአንዲት ድመት መኝታ ነበር። አለቃዋ ራሱ አንድ ቀን ለእናቱ ላም ፉርሽካ ሊገዛ መጣ። ጣቢታ ልጆቹን በየስማቸው ጠየቀችው።

ከኦቦ ጂራ ግን ድምፅ የለም። እሷም አልጻፈችላቸውም። አንዳንዴ ስማቸውን ስታነሳ «ሰውየው እንዴት ሆነው ይሆን» ትላለች እንጂ ከዚያ አታልፍም።

ክረምቱ አልፎ ጥር ላይ ደረስን። በሱቄ በር ላይ ቆማ የአማቴን ጉልበት እየጠየቀችኝ ሳለ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። አነበበችው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አዴ ጣቢታ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? መጋዘኑ ደህና ነው? የጉራቲ ምትክ መጥታለች። ቀይ ናት፤ ገና ቤት አልለመደችም። ምን እናብላት?»

ስልኩን መለስኩላት። «ይኸው፣ አሁን እንኳ ጉዳዩን ጻፊ» አልኳት። «ፋጉሎው ስንት እንደገባ ንገሪያቸውና ይምጡ።»

«ቆይ» አለችኝ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ እየሄዱ፣ «መጀመሪያ ስሟን ልጠይቅ።»