ስፒል ያልተሰካበት መጽሐፍ

ልብስ ሰፊዋ ጠቅልላ ታላቅ እህቷ ቤት ልትገባ ነው፤ እዚያ የሚጠብቃት ግን አንድ መደርደሪያ ብቻ። የጠንቋይና የዘንዶ መጻሕፍቷ ሦስት ካርቶን ሞልተዋል። ስለዚህ ልክ እንደ ቀሚስ ልትለካቸው ወሰነች። እንደገና ታነባለች፣ የሰለቻት ገጽ ላይ ስፒል ትሰካለች፤ ሦስት ስፒል የተሰካበት ይሰናበታል።

ሳምንቱን ሙሉ ስታሰናብት ከረመች። በልጅነቷ እንቅልፍ የነሷት ጀግኖች አሁን ወሬኛ ሆነው አገኘቻቸው። የፈራችው ግን የመጨረሻውን ነው፤ ታማ በተኛችበት ዓመት አባቷ ያነበበላት፣ ሺህ ዓመት የተኛው ዘንዶ ታሪክ። «እሱም ከሰለቸኝስ?» እያለች ስትሸሸው ቆይታለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ ሥራ ልማዷ ሦስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ገለጠችው።

እህቷ ካርቶኖቹን ልትወስድ ስትመጣ እኩለ ቀን ሆኗል።

«አንቺ ልጅ፣ ያ የአባባ መጽሐፍ ይሂድ ወይስ ይቆይ?»

ልብስ ሰፊዋ ገጽ ገለጠች።

«አፍሽ ተለጎመ እንዴ? ስንት ሰካሽበት?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ሦስቱም ስፒሎች ከንፈሯ ላይ ነበሩ። አንድ በአንድ አውጥታ መያዣቸው ላይ ሰካቻቸውና እፎይ አለች።

«ቀስ ብለሽ አውሪ እቴ፣» አለቻት፣ «ዘንዶው ሊነቃ ነው።»